ግላኮማን ሰው ዓይኑን ሳያጣ እንድረስበት፦ ለጤና ሚኒስቴርና ለዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ክፍሎች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የጤና ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣
የተከበራችሁ የዓይን ሕክምና መምህራንና ተመራማሪዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ከተማ፣ በመንግሥት ሆስፒታል የምሠራ ኦፕቶሜትሪስት (እይታ የሚመረምርና መነጽር የሚያዝ ባለሙያ) ነኝ። የምጽፍላችሁ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ እየገደለ ስለሚያሳውረው በሽታ፣ ስለ ግላኮማ ነው። የምጠይቃችሁም አንድ ነገር ነው። ይህን በሽታ ገና ሲጀምር የምንይዝበት፣ በእኛው ሰው ዓይን ላይ የተፈተነ፣ ከትልልቅ ሆስፒታሎች በታች ባሉ ጤና ተቋማት ሊሠራ የሚችል ምርመራ አዘጋጁልን።

ስለ ትራኮማ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ሲመጣም በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ይነገራል፤ ሰው ከየገጠሩ ይጎርፋል። ደስ ይላል። ግላኮማ ግን ተናጋሪ የለውም። ስሙን የሚያውቀው ያመመው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ እሱም አያውቀውም።

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት በእጃችሁ አለ። ዓይነ ስውር ከሆነው ሕዝባችን ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነበር። ትራኮማ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ ደግሞ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። ቁጥሩ አነስ ስላለ ግላኮማ ወደ ኋላ ተቀመጠ። ግን ሞራ ያሳወረው ሰው ዛሬ ተቀዶ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ልጁን ያያል። ግላኮማ ያሳወረውን የሚመልስ ሕክምና በዓለም ላይ የለም። ሞራው በተቀደደ፣ ትራኮማውም በቀነሰ ቁጥር ደግሞ የግላኮማ ድርሻ እየጨመረ መሄዱ አይቀርም። እዚያ ጥናት ውስጥ የተቆጠሩትም ሁለቱም ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች ናቸው። አንድ ዓይናቸው ጠፍቶ በሌላው የሚኖሩት፣ ዳር ዳሩ ጠፍቶባቸው ሳያውቁት መንገድ የሚያቋርጡት በ5.2 በመቶው ውስጥ የሉም።

በሽታውን ለምታውቁት አላስተምርም። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ሌላም ሰው ስለሚያነበው ግን ጥቂት ልበል። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ በግምት አንድ ሚሊዮን ክሮች አሉት። ግላኮማ እነዚህን ክሮች በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይገድላቸዋል። አያምም። አያቀላም። አያሳክክም። (ድንገት የሚነሳና ራስ የሚፈልጥ ዓይነትም አለ፤ እሱ ቢያንስ ሰውየውን ሆስፒታል ያመጣዋል።) እይታ የሚጠፋው ከዳር ነው። አንዱ ዓይን ያጣውን ሌላው ስለሚሸፍንለት ሰው አይነቃም። ፊልድ በምንለው የእይታ ስፋት ምርመራ ላይ ጉድለት እስኪታይ ድረስ ከነርቭ ሕዋሶቹ ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆኑት ሊሞቱ እንደሚችሉ ጥናቶች አሳይተዋል።

እኛ በየጤና ጣቢያው ያለን መመርመሪያ ምንድን ነው? ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቻርት። ቻርቱ የሚለካው መሐል እይታን ነው፤ ግላኮማ መሐሉን የሚነካው ደግሞ በመጨረሻ ነው። ስለዚህ ቻርቱን እስከ ታች አንብቦ "ዓይንህ ደህና ነው" ተብሎ የሚመለሰው ሰው በሽታው ግማሽ መንገድ የሄደበት ሊሆን ይችላል።

አንድ አባት ልንገራችሁ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋል። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዞ አመጣቸው። ጎረቤታቸው ሞራ ተቀዶ ስላየ "እኔንም ቅደዱኝ" ብለው ነው የመጡት። ግራ ዓይናቸው ባትሪ ሲበራበት እንኳን ብርሃኑን አይለይም። በቀኙ ግን ቻርቱን አሳየኋቸው፤ በጣታቸው አቅጣጫውን እያመለከቱ እስከ መጨረሻው መስመር ወረዱ። ልጁ ገረመው። "ታዲያ በሩ ላይ የሚጋጩት ለምንድን ነው?" አለኝ። ዓይኔን እንዲያዩ ነግሬ ጣቴን ከጎን እያንቀሳቀስኩ ወደ መሐል አመጣሁ። አፍንጫቸው ጋ እስኪደርስ አላዩትም። እኚህ ሰው መርፌ ላይ ክር ያስገባሉ፤ አጠገባቸው የተቀመጠውን ወንበር ግን አያዩም። የነርቩን ራስ (ዓይን ውስጥ የሚታየውን ጫፉን) ስመለከት ጤነኛው ሮዝ ጠርዝ አልቆ፣ ነጩ ጉድጓድ እስከ ዳር ደርሷል።

ሞራ እንዳልሆነና የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ለማቆየት እንደምንሞክር ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "መቼ ብመጣ ነበር?" አሉኝ።

መልሱ ቀላል ነበር። 40 ዓመት አልፏቸው ክር ማስገባት ሲያቅታቸው መነጽር ፍለጋ ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው መነጽር ቀይረዋል። አንዴ ከገበያ፣ አንዴ ከመነጽር ቤት። ያኔ ሁሉ የነርቫቸውን ራስ ያየ ሰው አልነበረም። የሚያይ ሰው ቢኖርና ሕክምና ቢጀምሩ ሁለቱም ዓይናቸው ሊተርፍ ይችል ነበር።

ስለ ምርመራው ስንነጋገር ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ከግላኮማ ጋር የሚያያዘውን የዓይን ውስጥ ግፊት መለካትን ነው። በየዓመቱ መጋቢት ላይ የዓለም የግላኮማ ሳምንት ሲከበር ቶኖሜትር (የዓይን ግፊት መለኪያ) ይዞ ወጥቶ የሰው ዓይን መለካት የተለመደ ነው። በጎ ሥራ ነው፤ ግን ብቻውን ሊያታልለን ይችላል። ዛሬም ዋና መለኪያ የሆነውን መሣሪያ የሠራው በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የነበረው ሐንስ ጎልድማን ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ። መሣሪያው የዓይን መስታወት (ኮርኒያ) ውፍረት 520 ማይክሮን ገደማ ነው በሚል ስሌት የተስተካከለ ነው። ኮርኒያው ቀጭን የሆነ ሰው ግፊት ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይነበባል። የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ኮርኒያ ደግሞ በአማካይ ቀጠን ይላል። እንደ ጤነኛ ወሰን ከሚታየው ከ21 በታች ያነበበ ሁሉ ነፃ ነው የምንል ከሆነ የምናሳልፋቸው ታካሚዎች ብዙ ናቸው።

በተቃራኒውም ግፊቱ ከፍ ያለ ሁሉ አይታወርም። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ጥናት ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ነርቫቸው ግን ጤነኛ የሆነ ሰዎችን አምስት ዓመት ተከታትሏል። ሳይታከሙ ከቆዩት መካከል ግላኮማ የጀመራቸው 9.5 በመቶ ነበሩ፤ ጠብታ ከወሰዱት ደግሞ 4.4 በመቶ። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። ቀድሞ መታከም ይጠቅማል፤ ግፊት ብቻውን ግን ማን እንደሚታመም አይነግረንም።

ነርቩን ማየት አለብን። ዋናው ነገር እሱ ነው።

ነርቩን ማየት ድሮ የሐኪም ብቻ ሥራ ነበር። አሁን አይደለም። ኬንያ ናኩሩ አካባቢ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። የጤና ሙያ የሌለው ሰው በስልክ ላይ በተገጠመ ትንሽ መሣሪያ የነርቩን ራስ ፎቶ አነሳ። ፎቶው በሆስፒታል ካሜራ ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር ነርቩን ለመገምገም በቂ ሆኖ ተገኘ። ናኩሩ ሩቅ አይደለም። የመንገዱም፣ የመብራቱም፣ የባለሙያ እጥረቱም ነገር ከእኛው ጋር ይመሳሰላል። እዚያ ከተቻለ ወልዲያም፣ አርባ ምንጭም፣ ነቀምትም ይቻላል።

ፎቶውን ማን ያንብበው? እዚህ ላይ ነው የእናንተ የተመራማሪዎቹ ድርሻ። ዛሬ ዓለም ላይ ፎቶ የሚያነቡ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች እየበዙ ነው። ግን የተማሩት በአብዛኛው በእስያ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ዓይን ነው። የነርቩን ሽፋን ውፍረት የሚለካው ኦሲቲም እንደዚያው። ማሽኑ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሚቀባው የታካሚውን ዓይን ከተመዘገቡ ጤነኛ ሰዎች ጋር እያወዳደረ ነው። ከእነማን ጋር? ከጎንደር ገበሬ ወይም ከጅማ ነጋዴ ጋር አይደለም። የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች የነርቭ ራስ በአማካይ ሰፋ ያለ ነው፤ ሰፊ ሲሆን ደግሞ መሐሉ ያለው ጉድጓድም በጤናው ሰፊ ይሆናል። ስለዚህ ማሽኑ ጤነኛውን ታማሚ ሊለው፣ ታማሚውንም ሊያልፈው ይችላል። በደም የሚሠራው የዘር ምርመራም ከዚህ አይለይም። ለግላኮማ የተዘጋጁት የተጋላጭነት ስሌቶች በዋናነት የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ለንደን ውስጥ ፕሮፌሰር ፍራንቼስካ ኮርዴሮ የሚመሩት ቡድን ዳርክ የሚባል ምርመራ እየሠራ ነው። በክንድ ደም ሥር የሚገባ አብሪ ንጥረ ነገር በመሞት ላይ ያሉትን የነርቭ ሕዋሶች ነጭ ነጠብጣብ አድርጎ ያሳያል። በሰው ላይ የተሞከረበት የመጀመሪያው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። እይታ ከመጉደሉ በፊት በሽታው እየሠራ መሆኑን ማየት ማለት ነው። ስለ እሱ ሳነብ ልቤ በተስፋ ይሞላል። ግን እሱ ወረዳ እስኪደርስ እንጠብቅ ካልን በመሐል ስንት ሰው ይታወራል? እጃችን ላይ ባለው ነገር መጀመር አለብን።

እጃችን ላይ ያለው ምንድን ነው? መጀመሪያ፣ የሞራ ዘመቻው። እኛ አገር ሞራ ሊቀደዱ ከሚመጡ ሰዎች ብዙዎቹ ላይ በዓይናቸው ሌንስ ላይ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ብናኝ እናያለን፤ ኤክስፎሊየሽን የሚባለው ነው። ይህ ብናኝ የዓይኑ ፈሳሽ የሚወጣበትን መንገድ እየዘጋ ግፊት ያነሳል፤ ያስከተለው ግላኮማም ከተለመደው ይልቅ ይፈጥናል። በደንብ የሚታየው ብሌኑ በጠብታ ተከፍቶ በስሊት ላምፕ (ዓይንን አጉልቶ በሚያሳይ ማሽን) ሲመረመር ነው። ለሞራ የሚመጣ ሰው ደግሞ ብሌኑ ለቀዶው ሲባል መከፈቱ አይቀርም። ሰውየው መጥቷል፣ ጠብታው ገብቷል፣ ማሽኑ በርቷል። የቀረው ትኩር ብሎ አይቶ ካርዱ ላይ መጻፍና ቀጠሮ መስጠት ብቻ ነው። ዛሬ በየዘመቻው ጥድፊያ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሞራው ተነስቶለት ያየ ሰው ደግሞ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ለክትትል አይመለስም። ውስጥ ለውስጥ ግላኮማው ይቀጥላል።

ሁለተኛው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ይህን ከሁሉም በላይ አስምሩበት እላለሁ። ሆላንድ ሮተርዳም ላይ የተሠራ ጥናት የግላኮማ ታካሚ ወንድም፣ እህትና ልጆች በሕይወት ዘመናቸው በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው 22 በመቶ፣ የጤነኞቹ ዘመዶች ደግሞ 2.3 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው።

ይህ ለምርመራ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። እንበልና ከታመሙ 100 ሰዎች 90ውን የሚያገኝ፣ ከጤነኛ 100 ሰዎችም 90ውን በትክክል ጤነኛ የሚል ምርመራ ሠራን። ጥሩ ምርመራ ነው። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆነ 1000 ሰዎችን ከመንገድ ጠርተን ብንመረምርና ከእነሱ 30 ግላኮማ ቢኖርባቸው 27ቱን እናገኛለን። ከ970ዎቹ ጤነኞች ግን 97ቱን በስህተት "ታመሃል" እንላቸዋለን። ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ከላክናቸው 124 ሰዎች ከአራት አንዱም አልታመመም ማለት ነው። ደክመው፣ ለትራንስፖርት አውጥተው፣ ተሰልፈው "ምንም የለብህም" ይባላሉ። በሚቀጥለው ዓመት ማን ይመጣል? ያንኑ ምርመራ በታካሚዎች ወንድምና እህት ላይ ብናደርገውና ከ1000ው 100 ቢኖርባቸው ግን 90 ታማሚና 90 ጤነኛ እንልካለን። ከሁለት አንዱ እውነተኛ ይሆናል። መሣሪያው አልተለወጠም። የተለወጠው ማንን እንደመረመርን ነው።

ሀብታሞቹ አገሮችም ሕዝባቸውን በጅምላ አይመረምሩም። እንግሊዝ አገር አቀፍ የግላኮማ ቅድመ ምርመራ ፕሮግራም የላትም። ግን 40 ዓመት የሞላውና ወላጁ፣ ወንድሙ፣ እህቱ ወይም ልጁ ግላኮማ ያለበት ሰው የዓይን ምርመራ በነፃ ያገኛል። ይህ ሕግ እኛም ብንወስደው አገር አያከስርም። ያልመረመርነውን ሰው ዓይነ ስውር ሆኖ ልጁ ከትምህርት ቀርቶ ሲመራው ማየት ነው የሚያከስረው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉልን። ግላኮማ የተገኘበት ሰው ካርዱ ላይ የወንድሞቹ፣ የእህቶቹና የልጆቹ ስም ይጻፍ። ለእያንዳንዳቸው የሚሰጥ መጥሪያ ወረቀት ይያዝ፤ ወረቀቱን ይዞ የመጣ ሰው ካርድ ሳይከፍል ይመርመር። ዕድሜው 40 ሞልቶት የማንበቢያ መነጽር ፈልጎ ወደ መንግሥት ተቋም የመጣ ሰው ነርቩ ሳይታይ አይሂድ። የግል መነጽር ቤቶችም ፈቃድ ሲያድሱ ይህንኑ እንዲያደርጉ ወይም እንዲልኩ ይጠየቁ። ኦፕቶሜትሪስቶችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማስመረቅ ከጀመረ ቆይቷል፤ ሌሎችም ተከትለዋል። በትምህርት ቤት ነርቭ ማየት ተምረናል። ሥራ ላይ ግን ብዙዎቻችን ከመነጽር ቁጥር አናልፍም፤ ወይ ጊዜ የለም ወይ መሣሪያ የለም።

ለዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ ይህን እላለሁ። የእኛን ጤነኛ ዓይን ለኩልን። ከደጋም ከቆላም፣ ከተለያየ ብሔረሰብ፣ የኮርኒያ ውፍረት፣ የነርቭ ራስ ስፋት፣ ፎቶም ጭምር። የሰዎቹ ፈቃድና ምስጢር ተጠብቆ አንድ የጋራ መዝገብ ይሁን። በምኒልክ ሆስፒታል የሚያስተምሩት፣ የጳውሎስ፣ የጎንደር፣ የጅማና የሐዋሳ ባለሙያዎች የየራሳቸውን ትንሽ ጥናት ከሚያወጡ በአንድ ላይ ቢሠሩ ይሻላል። የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ ላይ አለን፤ ፎቶ አንባቢ ፕሮግራም በዚህ መዝገብ ላይ ያሠልጥን። ከዚያ ወረዳ ላይ ይፈተን። ውጤቱም ሳይሸፋፈን ይነገረን፤ ስንቱን አገኘ፣ ስንቱን አለፈ፣ ስንቱን ጤነኛ አስደነገጠ።

አንድ ነገር ካልተስተካከለ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። መርምሮ መድኃኒት አለመስጠት ጭካኔ ነው። ቲሞሎል የሚባለው የግላኮማ ጠብታ ዛሬ ተገኝቶ በሚቀጥለው ወር ይጠፋል። ሌላው ጠብታ፣ ላታኖፕሮስት፣ ከግል ፋርማሲ ሲገዛ ብዙ ታካሚ አይችለውም። ጠብታ ዕድሜ ልክ ነው፤ ለውጥ የማይታይበት መድኃኒት ስለሆነ ደግሞ ሰው ይተወዋል። ታንዛኒያ ሞሺ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት መላ ያሳየናል። ኤስኤልቲ የሚባለውን የሌዘር ሕክምና ካገኙት ዓይኖች 61 በመቶው ከዓመት በኋላ ግፊታቸው በሚፈለገው ልክ ነበር። ቲሞሎል ጠብታ ከተሰጣቸው ግን እዚያ ልክ ላይ የነበሩት 31 በመቶ ብቻ ናቸው። ሌዘሩ በደቂቃዎች ያልቃል። በየክልሉ ቢያንስ በአንድ ሆስፒታል ይህ ማሽን ቢኖር፣ የሚጠግነውም ሰው አብሮ ቢሠለጥን፣ ቀድሞ ያገኘነውን ሰው ባዶ እጁን አንሸኘውም። የሚጠግነው ሰው ያልኩት አውቄ ነው። አንድ አምፖል ተቃጥሎበት ለወራት ጨርቅ ለብሶ የቆመ ማሽን አይቻለሁ።

በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቼም ይህን ካነበባችሁ፣ በዚያ ግላኮማ አለብህ ወይም አለብሽ የተባላችሁ፣ አገር ቤት ላሉት ወንድምና እህቶቻችሁ ደውላችሁ ንገሩ። ዶላር ከመላካችሁ በፊት ይህን ንገሯቸው። በቤተሰብ ውስጥ የዓይን በሽታ መደበቅ ይበቃል።

በዚህ ዓመት በጀት ውስጥ ምን ሊጀመር እንደሚችል መልሳችሁን እጠብቃለሁ። ሌዘሩና የጋራ መዝገቡ ጊዜ ሊወስዱ ይችላሉ፤ ይገባኛል። የመጥሪያ ወረቀቱ ግን ማተሚያ ቤት ብቻ ነው የሚፈልገው። እሱን ከመጪው የግላኮማ ሳምንት በፊት ብታወጡት እኔና ባልደረቦቼ በማግስቱ ሥራ እንጀምራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የክልል ሆስፒታል ኦፕቶሜትሪስት